ግዝት ያለበት በርሜል

ይድረስ ለወንድሜ ለኪዳን፣ ጅቡቲ።

ኪዳንዬ፣ እንዴት ሰንብተሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ጆንያ ስሸከም ተቀጨ ያልከኝ ወገብህ ዳነልህ ወይ? ወበቁስ? ሰው እንደዚያ ባለ እሳት ውስጥ እንዴት ይኖራል እያልኩ ሁልጊዜ አስባለሁ። በወጉ ትበላለህ? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ቤተ ክርስቲያኑስ፣ በእግርህ የምትደርስበት ነው ወይስ መኪና ይፈልጋል? ይኼን የመጨረሻውን ለሰላምታ ያህል ብቻ የጠየቅኩህ እንዳይመስልህ።

እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን የምለው እጄ ለምዶበት ነው እንጂ እኔስ ደህና አይደለሁም። ስቀመጥ መነሳት ያምረኛል፣ ስነሳ የምሄድበት ይጠፋኛል። ትናንት ሽሮው ላይ ሁለት ጊዜ ጨው ጨምሬ ምስኪኑ ባሌ አለሜ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ በላልኝ። እሱ ዝም ሲል ደግሞ ይብስብኛል።

በስልክ ያልነገርኩህ፣ ያንተ ስልክ ለስድስት ሰው ስለሚሰማ ነው። ያን ጊዜ ስደውል አብሮህ የሚያድረው አንዱ ከኋላ ሆኖ ጠላሽን ላኪልን ሲል አልሰማሁም መሰለህ? ስለዚህ ጻፍኩት። የወልድያው ሾፌር ያሲር ዓርብ ጭኖ ይወርዳል፣ እጅ በእጅ ይሰጥሃል። አብሽሪ፣ እኔ የያዝኩትን ወረቀት ሌላ ዓይን አያየውም ብሎኛል። አንተም አንብበህ ስታበቃ ቅደደው።

ነገሩ ስለ ሁለቱ የድራፍት በርሜሎች ነው። አዎ፣ ስለ እነሱ። ልብህ ዱብ ካለ ያዘውና እስከ መጨረሻው አንብብ።

ያ ክፉ ጊዜ አልፎ ከተደበቅንበት ስንመለስ ጋኖቼ በሙሉ ተሰባብረው እንዳገኘኋቸው መቼም አትረሳውም። እማዬ ያኔ ኩልመስክ እህቷ ዘንድ ነበረች። እኔ ገሉ መካከል ተቀምጬ ሳለቅስ አንተ ሁለት በርሜል በአህያ ጭነህ መጣህ። ትሠራበት የነበረው ሆቴል በሩ ተሰብሮ ወና ሆኗል፣ ባለቤቷ ወይዘሮ ገለቴ ከወጡ ወራት ሆኗቸዋል። ከየት አመጣኸው ብልህ፣ ወይዘሮ ገለቴ ሰጡኝ፣ ጋን አድርጊው አልከኝ። አላመንኩህም ነበር አልልም። አምኜሃለሁ። ማመኑም ያስፈልገኝ ነበር።

የአንዱን አናት በያጅ ቆርጦልን ክዳን አበጀህለት። ሁለተኛውን ሳትቆርጥ የላይ መዘጊያውን ብቻ ፈታህልኝና የተጣራውን ጠላ ማስቀመጫ ሆነ። መጀመሪያ የጠመቅኩት ብረት ብረት ብሎ ገበያተኛው ስሜን እያነሳ፣ አገሬ ዘንድሮ የምታጠጣን ሚስማር ነው እያለ ተሳለቀብኝ። ኋላ ወይራውን አብዝቼ ሳጥነው ጊዜ እሱም ለመደ፣ ሰዉም ለመደ። የአባባን ተዝካር ያወጣነው በእነዚህ በርሜሎች ነው። ካህናቱም ጠጥተዋል፣ ግማሹ ደብር ጠጥቷል። የቅዳሜ ገበያ ጠላዬም ቤታችንን ይዞ የኖረው በእነሱ ነው፣ ይኼን አንተም ታውቃለህ።

አሁን ወይዘሮ ገለቴ ተመልሰዋል። እንግዳው ብቅ ብቅ ማለት ጀምሯልና ሆቴላቸውን ለገና ሊከፍቱ ነው። የቢራ ፋብሪካው ግን የድሮ ባዶ በርሜሎቼን ካልመለሱ አዲስ ድራፍት አልሰጥም አላቸው። ስድስት ጎድሎባቸዋል። ሰፈር ለሰፈር ዞረው ቢጠይቁ ማን ይናገራል? ሁሉም አላየሁም፣ አልሰማሁም። በመጨረሻ ወደ አባ አረጋ ሄዱ።

ኅዳር ሰባት እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ አባ አረጋ መስቀላቸውን ይዘው ብቅ አሉና ገዘቱ። የወሰደ፣ የደበቀ፣ አይቶም ዝም ያለ ብለው። እኔ ከሴቶቹ ጋር ቆሜያለሁ። ግንቡን ተደገፍኩ። አጠገቤ ያለችው ምነው ምን ሆንሽ ብትለኝ፣ ሳልበላ መጥቼ ነው አልኳት።

የዚያን ቀን መንደሩ በሙሉ ሕግ አዋቂ ሆኖ ዋለ ብልህ ታምናለህ? ለካ በርሜል ያለው እኔ ቤት ብቻ አልነበረም። ጎረቤታችን ሰውነት፣ በርሜሉ የፋብሪካ ነው፣ ፋብሪካ ነፍስ የለው፣ ነፍስ ለሌለው ነገር ግዝት አይያዝም አለች። ሌላው ደግሞ እኛ ባናነሳው ወልድያ ወርዶ በቁርጥራጭ ብረት ይቀልጥ አልነበር፣ ከእሳት ያወጣ ሰው ሌባ ይባላል ወይ እያለ ይሟገታል። አለሜ ደግሞ ከሁሉም ባሰ። የእኛ አናቱ ተቆርጧል፣ በርሜልነቱ ቀርቶ ጋን ሆኗል፣ አባም የገዘቱት በበርሜል ነው አለኝ። ሳቄ መጣ። ሳቄ ግን ወዲያው ደረቀ።

እኔ ምን አሰብኩ መሰለህ? ዕቃ ያተረፈ ሰው ባለቤቱ ሲመጣ እነሆ ይላል። ባለቤቷ መጥታ በየደጁ እየጠየቀች ትንፍሽ ሳይል የተቀመጠስ፣ ያ ሰው ያተረፈው ለማን ነው? ደግሞ ሌላም ነገር ገባብኝ። ወይዘሮ ገለቴ ቀድመው ወጥተዋል። ስልክ ተቋርጧል። ታዲያ መቼ ሰጡህ? ሊወጡ ሲሉ ሰጥተውህ ኖሮ ይሆን? እንዲያ ከሆነ እስከዚያ ድረስ ለምን ሆቴሉ ውስጥ ተውካቸው? ሌሊቱን ሙሉ ይኼን ስፈትልና ስተረትር ነው የማነጋው።

እማዬ ግን ከማንም ጋር አልተከራከረችም። በዚያ ጠላ የባሌን ተዝካር ጠጥቻለሁ፣ ግዝት ተሸክሜ ቤተ መቅደስ አልገባም አለች፣ አለቀ። ለኅዳር ሚካኤል እንኳ ከደጅ ተሳልማ ተመለሰች። ሳሏ ብሶባታል፣ ጋቢዋን ተከናንባ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ የቅዳሴውን ድምፅ ከሩቅ ስትሰማ ባየሃት አንጀትህን ትበላው ነበር። በግዝት ብሞትስ አለችኝ። ከዚያ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ ሴትየዋ ሰጥታን ነው ያልሽኝ እውነትሽን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። አዎ እንዳልላት አላውቅም። ኪዳን ነው ያመጣው እንዳልላት ደግሞ ስምህን ሳትጠራ እህል የማትቀምስ ሴት ናት። እሳቱን ልይ ብዬ ወጣሁ።

ባለፈው ቅዳሜ፣ ገበያው ጢም ባለበት ሰዓት፣ ሁለቱን በርሜሎች አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ያኖርኩትን መዘጊያ ሳይቀር ይዤ፣ አህያ ላይ ጫንኩ። ለምን በዚያ ሰዓት ትለኝ ይሆናል። ተደብቄ ከመለስኩትማ ሌብነቱን ደገምኩት ማለት አይደል? ደንበኞቼ መንገዱ ግራና ቀኝ ቆመው ያዩኛል። አንዱ ሰካራም፣ አገሬ ጠላ ቤቱን ልትነቅይው ነው ወይ አለኝ። ዓይኔን ከአህያይቱ ጆሮ ላይ አላነሳሁም።

ወይዘሮ ገለቴ ግቢው ውስጥ ቀለም ቀቢዎቹን ያዝዙ ነበር። በርሜሎቹን ሲያዩ ወደ እኔ መጡ። ከዚያ በቀስታ፣ ልጄ ማን ነው የወሰደው ብለው ጠየቁኝ። እኔ ነኝ አልኩ። ኪዳን፣ እምልልሃለሁ፣ ላስብበት እንኳ ጊዜ አልነበረኝም፣ አፌ ከልቤ ቀደመ። ያንተ ስም ከአንደበቴ እንዳይወጣ ስሮጥ የራሴን ጣልኩት።

ከዚያ የተናገሩት ነው እንቅልፍ የነሳኝ። እሳቸው ተከዙና፣ እኔ እኮ ያን ቀን ስወጣ ለአንዱ ፍራሽ፣ ለአንዱ ሳህን፣ ያገኘሁትን ላገኘሁት ስሰጥ ነው የወጣሁት፣ ለወንድምሽም አንድ ነገር ሰጥቼዋለሁ፣ ምን እንደሆነ ግን እንጃ፣ እሱ ይሆን እንዴ ይኼ አሉ። አየህ? እኔ ነኝ ብያለሁ። አሁን ምን ብዬ ልመለስ? አይ ወንድሜ ነው፣ እርስዎ ሰጥተውታል ብል ማን ያምነኛል? ሌባ ስትያዝ የፈጠረችው ይሉኛል። መዘጊያውን ከጨርቁ ፈትቼ ሰጠኋቸው። ድፍኑን ተቀበሉኝ። ቆራጣውን ግን ፋብሪካው አይቀበለኝም፣ በይ ጠላሽን ጥመቂበት፣ ይኸው ሰው ባለበት ሰጥቼሻለሁ ብለው መለሱልኝ።

በማግስቱ ኅዳር ጽዮን ነበረች። አባ አረጋ ፊት ተንበርክኬ መስቀሉን ይዤ ያንኑ ቃል ደገምኩት፣ እኔ ነኝ አልኩ። ገና እስኪሆን በየቀኑ አርባ ስግደትና ለደብሩ ግንብ ውሃ ማመላለስ ንስሐ ሰጡኝ። ግዝቱን ከእኔም፣ ከጠጣውም ሰው ላይ ፈቱት። ሌሎቹም አራት በርሜሎች እስከ ማምሻው ሆቴሉ ደጃፍ ተደርድረው ተገኙ፣ ማን እንዳመጣቸው ግን የሚያውቅ የለም። ከስድስቱ ሌባዋ እኔ ብቻ ሆኜ ቀረሁ ማለት ነው! ጉድ እኮ ነው።

እማዬ የዚያኑ ዕለት ቤተ መቅደስ ገባች። ከውስጥ ስትወጣ ፊቷ ፈክቶ ነበር፣ እኔም ደስ አለኝ፣ ስለ እውነት ደስ አለኝ። ቤት ስንደርስ ግን ነጠላዋን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ እኔ ሌባ ማሳደጌን አላውቅም ነበር አለችኝ። ኪዳን እዚህ ቢኖር ይኼን አታደርጊም ነበር፣ እሱ ልጄ እጁ ንጹሕ ነው አለች። ምን ልበላት? ወጥቼ ውሃ ቀዳሁ። ከዚያ ወዲህ ከእጄ ጠላ አትቀበልም፣ ውሃ ነው የምትጠጣው።

አሁን ያ ቆራጣ በርሜል ጥጉ ላይ ተቀምጧል። ብቅሉ ደርቋል፣ ጌሾው ተወቅጧል። ለገና የሚመጣውን ሰው ታውቀዋለህ፣ ሀገር ምድሩ ነው፣ እስከ ታኅሣሥ አስር ካልጠነሰስኩ አይደርስም። በሰው ፊት ተሰጥቶኛል፣ ማንም አይጠይቀኝም። ግን ወይራውን አጭሼ ላጥነው ስል እጄ አልታዘዝ ይለኛል። ተነስቼ እወጣለሁ፣ ደግሞ ተመልሼ እገባለሁ።

ስለዚህ ንገረኝ። ሰጥተውህ ከነበረ፣ እኔ ያልተሰረቀ ነገር ሰረቅኩ ብዬ በመስቀል ፊት ዋሽቻለሁ፣ የእናቴንም ልብ በከንቱ ሰብሬያለሁ። አባ ዘንድ ተመልሼ እናገራለሁ፣ ይፈረድብኝ። ወስደኸው ከሆነ ደግሞ፣ ከእኔ ላይ ቢፈታም ካንተ ላይ አልተፈታም። እኔ ተናገርኩ እንጂ አንተ መቼ ተናገርክ? ቤተ ክርስቲያኑ በእግር ይደረስበታል ወይ ያልኩህ ለዚህ ነው። ሂድና ለካህን ንገር። ያን ጊዜ ርቦን ነበር፣ አንተም የእህትህን ለቅሶ ማየት አልቻልክም፣ እኔ አልፈርድብህም። እኔም ሳልጠይቅ ጠምቄበታለሁ።

አንድ ነገር ልንገርህና አትቀየመኝ። አንዳንድ ቀን ውሃውን ተሸክሜ ዳገቱን ስወጣ፣ ምነው ወስዶት በሆነ እላለሁ። ቢያንስ የተሸከምኩት ነገር ይኖር ነበር። ከዚያ በራሴ አፍራለሁ። እህት ወንድሟን ሌባ በሆነልኝ ትላለች? ይኸው እኔ አልኩ። ሰጡኝ ብትለኝም እችለዋለሁ፣ ወሰድኩ ብትለኝም እችለዋለሁ። አለማወቁን ነው ያልቻልኩት። ያሲር ታኅሣሥ ስምንት ግድም ይመለሳል፣ አንዲት መስመር ይበቃኛል።

አለሜ ሰላም ብሎሃል፣ ወገብህን በሙቅ ውሃ ያዘው ይልሃል። ልጄ ባንችይርጋ ስድስተኛ ክፍል ገብታለች፣ ባሕር ምን ዓይነት ሽታ አለው ብለሽ ጠይቂልኝ ብላኛለች። ጎረቤታችን ሰውነት እንዴት ነህ ብላሃለች፣ አሁን ደግሞ ከእኔ ጋር ውሃ ትቀዳለች፣ ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። አብረውህ ለሚያድሩት ልጆች ሰላምታዬን ንገርልኝ፣ የዘንድሮ ጠላ መድረሱን አላውቅም በላቸው።

እማዬ አጠገቤ ተቀምጣ የምጽፈውን ሳታውቅ ጻፊልኝ እያለች ነው። ግንባርህን፣ ጉንጭህን፣ እጅህን ትስምሃለች። እህትህ ባጠፋችው እንዳትቀየማት፣ አንተ ንጹሕ ነህና የአንተ ጸሎት ይሰማል፣ ጸልይላት በይው ብላኛለች።

እህትህ አገሬ
ላሊበላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.