በጳጉሜን ስድስት ስለቆመው የመልእክት ወረፋ

ነሐሴ 24 ቀን 2007 ዓ.ም.
ቁይ

ለተከበሩ አቶ ሀይለመለኮት መንበሩ
የተቀናጀ የመምህራን ዝውውር መረጃ ማዕከል ኃላፊ
ደብረ ማርቆስ

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎ፣ ልጆችዎ፣ እንዲሁም ከመምህራን ሁሉ ይልቅ የሚሳሱለት የኮምፒውተር ክፍልዎ አየር ማቀዝቀዣ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ የእርግዝናዬን ስምንተኛ ወር ይዣለሁ፣ እግሬ ከማበጡና ባሌ ደብረ ኤልያስ፣ እኔ ቁይ ከመሆናችን በቀር የጎደለብኝ ነገር የለም።

ፋንታነሽ እንዳላማው እባላለሁ፤ ቁይ ላይ ሒሳብ አስተምራለሁ። ወደ ደብረ ኤልያስ፣ ወደ ባለቤቴ ወደ መምህር አበረ ምናለ እንድዛወር ያመለከትኩት ሰኔ 9 ቀን ነው። ማመልከቻዬ በወረዳችን ኮምፒውተር ተልኮ በዚያው ቀን እርስዎ ዘንድ ደርሷል፤ ደርሶም ቆሟል። ዝውውር የሚዘጋው የፊታችን ዓርብ ነሐሴ 29 ቀን ነው። ዓርብ ካለፈ ጥቅምት ላይ የምወልደው ብቻዬን ነው፤ ጉዳዬ ይኸው ነው፣ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ማብራሪያ ነው።

፩ኛ. ስለ ወረፋው። እኔ የማሽን ጠላት አይደለሁም። ደብዳቤዬ ሰሌዳ ላይ የሚለጠፍ ስለሆነና ሌላም ሰው ሊያነበው ስለሚችል፣ ለእርስዎም ቢሆን ማስታወሱ ስለማይጎዳ፣ አሠራሩን በአጭሩ ልግለጽ። ከየወረዳው የሚላከው ማመልከቻ በማዕከልዎ ኮምፒውተር ውስጥ በመጣበት ተራ ይሰለፋል። መዝጋቢው ፕሮግራም የፊተኛውን ያነሣል፣ ያነብባል፣ መዝገብ ላይ ያሰፍራል፣ ከዚያም ተቀብያለሁ ይላል፤ ያን ጊዜ ያ መልእክት ከወረፋው ይወጣና ቀጣዩ ይቀርባል። ተቀብያለሁ ካላለ ግን ወረፋው መልእክቱ እንዳይጠፋ ብሎ ወደ ነበረበት ወደ ፊት ይመልሰውና እንደገና ይሞከራል። ደግ ሐሳብ ነው፤ ያሰበውን ሰው እግዜር ይስጠው።

ታዲያ ሰኔ 5 ቀን የደብረ ወርቁ የአማርኛ መምህር የገብረ ሚካኤል አንሙት ማመልከቻ ተራው ደረሰ። መምህሩ የተወለዱት ጳጉሜን 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ፕሮግራምዎ ደግሞ ጳጉሜን በየትኛውም ዘመን ከአምስት ቀን አታልፍም ብሎ ያምናል። ስለዚህ ያነብባል፣ እንዲህ ያለ ቀን የለም ይላል፣ ይጥላል፤ ወረፋውም አንሥቶ ወደ ፊት ይመልሳል። ይህ በየግማሽ ደቂቃው ይደጋገማል። የሒሳብ መምህርት ነኝና አስልቼዋለሁ፤ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁለት መቶ ሃያ ሰባት ሺህ ጊዜ በላይ ተሞክሯል። እኛ ሁላችን፣ ልደታችን ምንም የማያስነውር መምህራን፣ ከኋላቸው ቆመናል። ባሕረ ሐሳብ በሚቆጠርበት በጎጃም ምድር፣ በዘመነ ሉቃስ ጳጉሜን ስድስት እንደምትሆን የሰፈርዎን ቄስ ቢጠይቁ በነጻ ይነግሩዎት ነበር።

፪ኛ. ስለ ምርመራዎ። በመጀመሪያ ኔትወርክ ነው አሉን፤ አመንን። ቀጥሎ ማሽኑን ሦስት ጊዜ አጥፍተው አበሩት። ወረፋው መብራት ቢጠፋ እንኳ የያዘውን እንዳይጥል ሆኖ የተሠራ ስለሆነ፣ መምህር ገብረ ሚካኤል ሦስቱንም ጊዜ እዚያው ከፊት ጠበቁዎት። ከዚያ ወረፋው ረዘመ ተብሎ ማጠራቀሚያው እንዲሰፋ አዘዙ፤ በሩ ተዘግቶ ሰው ደጅ ላይ ሲበዛ ግቢውን እንደማስፋት ማለት ነው። የስህተት መዝገቡ ምክንያቱን በየግማሽ ደቂቃው እየጻፈ ሳለ አንድ ቀን እንኳ ከፍቶ ያነበበው ኃላፊ የለም። ለእኔ ማን እንዳሳየኝ አልናገርም፤ ከባለሙያዎችዎ አንዷ ናት፣ ስሟን ብጠራ የእርሷ ዝውውር ከሁላችንም ቀድሞ ይፈጸማል።

ይህም ሆኖ በሪፖርትዎ ላይ 3,112 መልእክቶች በወረፋ እየተስተናገዱ ነው ብለው አቅርበዋል፤ ተጨብጭቦልዎታልም አሉ። እሰይ! የቆመ ሁሉ እንደተስተናገደ ከተቆጠረ እኔም የእርስዎን ደጅ ስጠና የከረምኩባቸው ቀናት በአገልግሎት ዘመኔ ላይ እንዲደመሩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

፫ኛ. ስለ ማስታወቂያዎ። ሐምሌ መጀመሪያ ላይ «ምላሽ ያልደረሳችሁ እንደገና ላኩ» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። እኔ ታዛዥ ስለሆንኩ አሥር ጊዜ ደግሜ ላክሁ፤ ሌላውም እንደዚያው። ማሽኑ እያንዳንዱን በአዲስ ቁጥር ስለሚቀበል አሥራ አንዷ ፋንታነሽ አንዲት ሴት መሆኗን አያውቅም። ወረፋውን ማን አስረዘመው ብለው ሲገረሙ ሰምቼ እኔም አብሬ ተገርሜያለሁ።

ይህ አልበቃ ብሎ ጸሐፊዎ ለአበረ ስልክ ደውለው፣ እርሱም በበኩሉ ወደ ቁይ ለመምጣት ቢያመለክት ከሁለታችን አንዱ ቶሎ ይሳካል ብለው መከሩት። ባሌ ሰው የነገረውን ሁሉ የሚያምን የዋህ ነው፤ ሳያማክረኝ ሐምሌ 12 ቀን ላከ። ስሰማ እሪ አልኩ። በማግስቱ እንዲሰረዝለት ጠየቀ፤ የስረዛው ጥያቄ ግን ራሱ መልእክት ነውና ከማመልከቻው ኋላ ተሰልፏል። ወረፋው ዝም ብሎ ከተከፈተ እኔ ወደ እርሱ፣ እርሱ ወደ እኔ መሄዳችን ነው። ስለዚህ ከመክፈትዎ በፊት የስረዛ ጥያቄዎችን ለይተው እንዲያዩ፣ እባክዎን፣ እባክዎን እላለሁ። እዚህ ላይ አልቀለድኩም።

፬ኛ. ስለ መምህር ገብረ ሚካኤል። ነሐሴ 10 ቀን ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ምክንያቱን በወረቀት ጽፌ ሰጥቼዎት ነበር። የሰጡኝ መልስ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል፤ አንዱን መልእክት ከተራው ማውጣት ፍትሐዊነትን ይጥሳል፣ ሰውየው የልደት ቀናቸውን አስተካክለው ይምጡ አሉ። በማግስቱ ያንን ሆዴን ይዤ በሚኒባስም በእግርም በጭቃው ደብረ ወርቅ ሄድኩ። መምህሩ ትኩስ ወተት አቅርበው አስቀመጡኝና የመጣሁበትን ሰምተው ከልባቸው ሳቁ። ከዚያ ለሕፃኑ ሲባል አምስት ተወለድኩ ብዬ እፈርማለሁ፣ በአንድ ቀን ማርጀት ማንንም አልገደለም አሉኝ። እኔ ግን አፈርኩ። የዲቁናቸውም የዲግሪያቸውም ወረቀት ስድስት ይላል፤ ነገ ማዕከልዎ ሁለት ልደት አለህ ብሎ በሐሰተኛ ማስረጃ ይከሳቸው ነበር። ተዉት አልኳቸው፤ ስመለስ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፣ ከሐዘኑ ይልቅ ንዴቱ በዝቶብኝ።

ክቡርነትዎ፣ መድኃኒቱን ባለሙያዋ በግማሽ ገጽ ጽፋ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጣለች። አንድ መልእክት አምስት ጊዜ ተሞክሮ ካልሆነ ከነምክንያቱ ወደ ሌላ ስፍራ ይቀመጥ፣ ባለሙያ ይጠራለት፤ ሌሎቹ ይለፉ፤ እርሱም ሲስተካከል ይመለስ። ተደጋግሞ የሚላክ ማመልከቻ አንድ መለያ ቁጥር ይኑረው። ጳጉሜንም በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሁን። ይህ ሁሉ እርስዎ በወረፋው ጉዳይ ላይ ካደረጓቸው ስብሰባዎች የአንዱን ግማሽ ጊዜ አይፈጅም።

ደግሞም ዘንድሮ ዘመነ ሉቃስ ነው። ጳጉሜን 6 ዓርብ ይውላል፤ ቢሮ ክፍት ነው። በዚያን ዕለት ከየወረዳው የሚላክ ወረቀት ሁሉ የዕለቱን ቀን ይዞ ይመጣልዎታል። እንኳን አደረሰዎ ብዬ ከወዲሁ ልመርቅዎ።

ስላደረጉልኝ ሁሉ፣ በተለይም ትዕግሥትን በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማሩኝ እያመሰገንኩ፣ ማቀዝቀዣዎ እንዳይሞቅ፣ ወንበርዎ እንዳይነቃነቅ፣ ፊርማዎም አንድ ቀን እንዲወርድ የምጸልይ፣

ታዛዥዎ
መምህርት ፋንታነሽ እንዳላማው

ግልባጭ፦
ለመምህር ገብረ ሚካኤል አንሙት፣ ደብረ ወርቅ
ለመምህር አበረ ምናለ፣ ደብረ ኤልያስ (ሳያማክረኝ ምንም እንዳይልክ ከማሳሰቢያ ጋር)
ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለሚያነብ ሁሉ

ድኅረ ጽሑፍ፣ ዓርብ ነሐሴ 29 ቀን። ይህን ልለጥፍ ስል ወረፋው መከፈቱን ሰማሁ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመምህር ገብረ ሚካኤል ማመልከቻ ወደ ጎን ተቀምጦ ሌላው መፍሰስ ጀመረ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ኤልያስ መዛወሬ ጸደቀ፤ ብቻዬን እልል አልኩ። ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ አበረ ወደ ቁይ መዛወሩ ጸደቀ። አራት ሰዓት ላይ የስረዛ ጥያቄው ተነበበና፣ ዝውውሩ ስለተፈጸመ አይሰረዝም የሚል መልስ መጣ። አሁን ዝውውር ተዘግቷል፤ ለሚቀጥለው ዓመት ሞክሩ ተብለናል። ከቁይም ከደብረ ኤልያስም የሚመጣው ሰው ደብረ ማርቆስ ላይ ስለሚገናኝ፣ እኔና ባለቤቴ ሰኞ ጳጉሜን 2 ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ አንድ ፍራሽና የሕፃኑን ልብስ ይዘን ቢሮዎ እንገባለን፤ ከሁለታችን አንዳችንን እስኪመልሱ ድረስም አንወጣም። አዋላጇ ጥቅምት መጀመሪያ ብላኛለች፤ እስከዚያው ክፍሉ ለሦስት ሰው ይበቃ እንደሆነ በሜትር ያስለኩልን።