አባዬን ሱፍ ያለበሰው ፎቶ አንሺ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለየሺዋስ፤

እንደምን ከረምህ? እንደምን ሰነበትህ? ጤናህ፣ ሥራህ፣ ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅህ የወገብ ሕመምህ እንዴት ነው? የጅግጅጋው አቧራስ ለቀቅ አደረገህ ወይ? ሚስትህ ሔዋንስ ደኅና ናት? ልጃችሁ ሂዊስ ጥርስ አወጣች? እኛ የድንግል ልጅ ምስጋና ይግባውና ደኅና ነን። ደብረ ኤልያስ ያለችው እማዬ ጉልበቷን ይይዛታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔም እዚሁ ማርቆስ ከጤና ጣቢያው ካርድ ክፍል መስኮት እንደተጎለትኩ አለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ካሜራዬን አንግቤ እዞራለሁ።

ባለፈው በስልክ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት፤ ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» ብለኸኝ ዝም አልኩህ። ዛሬ ልመልስልህ፤ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። አንተ አልነበርክማ! አባዬ የሞተ ዕለት የመታወቂያውን ፎቶ ይዤ ማርቆስ ወደ መሳፍንት ፎቶ ቤት ሮጥኩ። «አሳድግልኝ፣ ለለቅሶው ነው» አልኩት። ጠቅልሎ የሰጠኝን ገልጬ ሳላየው ይዤ ተመለስኩ። ድንኳን ውስጥ ሲፈታ፣ ዕድሜ ልኩን ከጋቢ ሌላ የማያውቀው አባታችን ጥቁር ሱፍ ለብሶ፣ ቀይ ከረባት አስሮ ብቅ አለ። ፊቱን ቆርጦ ሌላ ሰው ገላ ላይ ቀጥሎበታል! እማዬ ሙሾዋን አቋርጣ «ይሄ ማነው?» አለች። ከኋላ የሳቁ ነበሩ፤ ስማቸውን አልረሳሁም። ልጠይቀው ስሄድ መሳፍንት «ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያሠራው፤ አሳምሬ ሰጠሁሽ እኮ» ብሎ ሳቀብኝ። ሌላ ትልቅ ፎቶ ስለሌለን ያው ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። እኔም ካሜራ የገዛሁት ያን ጊዜ ነው፤ ፎቶ ማንሳት ወድጄ መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል።

መጀመሪያ ላይማ እንኳን ለበቀል ለራሴም አልሆንኩም። ግማሹን ሰው አናቱን እቆርጠዋለሁ፤ ግማሹ ይደበዝዝብኛል፤ የሴቶቹ ነጠላ በቀትር ፀሐይ ያንጸባርቅና ፊታቸው ከሰል ይመስላል። «ፈገግ በሉ» ስላቸው ደግሞ መርፌ እንደሚወጋ ሰው ትንፋሻቸውን ይይዛሉ። ቀስ በቀስ ገባኝ። አሁን ሰውን በራፍ ላይ፣ ብርሃኑ ከጎን በሚመጣበት አስቀምጠዋለሁ። ካሜራውን ጭኔ ላይ አድርጌ ወሬ እጀምራለሁ። ገበሬ ከሆነ የበሬውን ስም እጠይቀዋለሁ፤ ስሙን ሲጠራ ፊቱ ይፈታል፣ ያኔ ነው ማንሳት። ክፉ ሰው ደግሞ ሲናገር አይታወቅም፣ ሲያዳምጥ ነው የሚታወቀው፤ ይህን ከካርድ ክፍሉ መስኮት ተማርኩ። በሦስት ዓመት የመሳፍንትን ደንበኞች አንድ በአንድ ወሰድኩበት። ደጁ ጭር ሲል ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ቅቤ ይጠጣ ነበር፤ አልዋሽህም።

የካቲት ላይ ኪዳነ ምሕረት ደጅ አንዲት አሮጊት አነሳሁ፤ ማንጠግቦሽ ይባላሉ። «እማማ፣ ልጅ አለዎት?» ስላቸው ፊታቸው በራ። «ፎቶ አንሺ ልጅ አለኝ፤ መሳፍንት ይባላል። እኔን ግን ነገ ነገ እንዳለኝ አንስቶኝ አያውቅም» አሉ። የማን እናት እንደሆኑ እያወቅኩም አነሳኋቸው። እስከ ዛሬ ካነሳሁት ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው።

በዳግማይ ትንሣኤ ማግስት ሴትዮዋ ዐረፉ። መሳፍንት ጥቁር ለብሶ ደጄ ላይ ቆመ። «እናቴን እንዳነሳሻት ነግራኝ ነበር፤ ስለ ኪዳነ ምሕረት ብለሽ» አለ። ግባ አላልኩትም። ወይ ጉድ! ፎቶ ቤት ያለው ሰው የእናቱን ፎቶ ከእኔ ደጅ ሲለምን! ክፋቴን ልንገርህ፤ መጀመሪያ የመጣልኝ ፊታቸውን ቆርጬ የሙሽራ ቬሎ ላይ ቀጥዬ መስጠት ነበር። አሮጊቷ አሳዘኑኝና ተውኩት። «እሰጥሃለሁ፤ ግን ለቀስተኛው ፊት ቆመህ አባቴን የማን ገላ ላይ እንደቀጠልከው ትናገራለህ» አልኩት። እሺ አለ።

በእናቱ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ ቆመ።  «የእሷን አባት፣ የወልደ ሰንበትን ፊት የቀጠልኩት በራሴ ፎቶ ላይ ነው፤ ሱፉ የሠርጌ ነው። ቸኩዬ ነበር፤ ሌላ ለመፈለግ ሰነፍኩ» አለ። ሰማህ ወይ የሺዋስ? እማዬ ደረቷን የመታችበት ገላ የመሳፍንት ነበር! ሦስት ዓመት ሙሉ ቤታችን ተሰቅሎ የኖረው እሱ ነው! ቃሌን ጠብቄ የእናቱን ፎቶ አወጣሁ። ሴቶቹ «እሷው ናት! እሷው ናት!» እያሉ ልቅሶውን አቀለጡት። እሱ መሬት ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። አላዘንኩለትም።

ቅዳሜ ደብረ ኤልያስ ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት።  እሷም ተነሥታ ፎቶውን ከግድግዳው አወረደችና መቀሱን ራሷ አቀበለችኝ። አባዬን ከአንገቱ ቆረጥኩት። ሱፉን፣ ከረባቱንና እጆቹን ጠቅልዬ፣ የእናቱ ሰባት በወጣ ማግስት «ገላህን ተረከብ» ብዬ ለመሳፍንት ላኩለት። ሽማግሌ ላከብኝ። አክብሬ አስቀመጥኳቸው፣ ጠላ ቀድቼ አጠጣኋቸው፣ እርቁን ግን እምቢ አልኩ። አንተም ስለዚህ ነገር ዳግመኛ እንዳትለምነኝ።

ደርቤን ታውቀዋለህ፣ የአይሱዙ ሹፌሩን፤ ደብዳቤዬን የሚያደርስልህ እሱ ነው። ሔዋንን እቅፍ አድርገህ ሳምልኝ። ሂዊን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ስትመጣ በራፍ ላይ አስቀምጬ አነሳታለሁ። አከራይህን እማማ ሥራነሽንም እጅ ነሥታለች በልልኝ። እማዬ አገር ሰላም ያድርግልህ፣ እግርህን እንቅፋት አይንካው ብላሃለች።

የአባዬን ፊት በወፍራም ወረቀት መሐል አድርጌ ከደብዳቤው ጋር ልኬልሃለሁ። ይህን ሁሉ ሙያ የተማርኩት እሱ ከሞተ በኋላ ነውና እኔ ያነሳሁት አንድም የለኝም። ያለን ትልቅ ፎቶ ይኸው ብቻ ነው፤ እንዳታጥፈው።

እህትህ ዘሪቱ ወልደ ሰንበት
ደብረ ማርቆስ፣ ግንቦት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.