ደሴ ትወጣለች አልኳቸው

ሰኞ፣ ኅዳር 3፤ ጠዋት 1፡00

የመኪናዬን ራዲያተር ሞላሁ። ዘይት ለካሁ። ወንበሮቹን በእርጥብ ጨርቅ ወለወልኩ፤ ቆዳው ዛሬም ያምራል። ስምንት ሰዓት ላይ ገዢ ይመጣል። ባለቤቴ ትዕግሥት ሐሳቤን የምቀይር መስሏት አሥር ጊዜ በመስኮት ታየኛለች። አልቀይርም። ሦስት ዓመት ይበቃል።

በናፍጣ አትታማም፣ ደብተሬ፤ ይህን ልመስክርላት። በአንድ ሙሌት አዲስ አበባ ደርሳ ትመለሳለች። ዕቃዋ ግን ገደለኝ። አንዴ የናፍጣ ፖምፓ፣ አንዴ ፍሪሲዮን፣ አንዴ መሪ። ሁሉም ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተጭኖ የሚመጣ። ጀርመኖቹ የሠሯት ለሐኪም ወይ ለነጋዴ ነው። ለፊዚክስ መምህር አይደለም።

የመጨረሻው ቴስታታው ነው፤ የሞተሩ ራስ። ተሰንጥቋል። መካኒኩ ጌታቸው በየደልኝ። ሜዳ ላይ ትሄዳለች አለ፤ የደሴን ዳገት ግን ብየዳው አይችለውም፣ እየሞቀች አንድ ቀን ቀጥ ትላለች። ለሜዳ አገር ሰው ሽጣት ብሎ መከረኝ።

ያው ቀን፤ 11፡00

ተሸጠች። የገዟት ጋሽ እንድሪስ ናቸው፤ ከፋብሪካ በጡረታ የወጡ ክር ፈታይ። ልጃቸውን አስተምሬያለሁ። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ዳሌያቸው ተሰብሮ፣ በየሐሙሱ ደሴ ሆስፒታል እየሄዱ እግራቸውን ያፍታታሉ። ሚኒባስ ውስጥ መታጠፍ አይችሉም። ጋሽ እንድሪስ የኋላ ወንበሩን በእጃቸው ዳሰስ አድርገው፣ እዚህ ላይ አጋድሜ እወስዳታለሁ አሉ።

ለሙከራ ዳገት በሌለው በደጋን መንገድ ወሰድኳቸው። መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። በረረች። ስንመለስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«መምህር፣ ደሴ ትወጣለች?»

«ትወጣለች» አልኩ።

ውሸት አይደለም። ሁለቴ እየቆመች፣ ውሃ እየተጨመረላት ትወጣለች። ኮፈኗን እንኳ አላስከፈቱኝም። ዱዓ አድርገውልኝ ሄዱ።

ብሩ ነገ ለመምህራን የቤት ማኅበር ይገባል። ዘጠኝ ዓመት ኪራይ ቤት። ትዕግሥት ጓዳ ስታንጎራጉር ሰማኋት።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6፤ ምሳ ሰዓት

ጠዋት መኪናዋ ስትነሳ ሰማኋት። ቤታቸው ከት/ቤቱ ጀርባ ነው፤ ድምጿን የትም ሆኜ አውቀዋለሁ። ሁለተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳ ፊት ቆሜ ቀመሩ ጠፋኝ። ተማሪዎቹ ሳቁ።

10፡00። ተመልሰዋል፤ በሰላም። አየህ ደብተሬ? ጌታቸው አጋኖት ነው። መካኒክ ሲባል ማስፈራራት ይወዳል። የቀረ ምሳዬን አሁን በላሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 13፤ ደሴ፣ ፒያሳ፤ 9፡00

የፈተና ወረቀት ላደርስ ተልኬ ነው። ሻይ ቤት ተቀምጫለሁ። ሻዩ ቀዝቅዟል። ልጻፈው።

ስንመጣ ዳገቱ አጋማሽ ላይ መኪናዋ ቆማለች። ኮፈኗ ተከፍቶ እንፋሎት ይትጎለጎላል። ጋሽ እንድሪስ ባዶ ጀሪካን ይዘው መንገዱን ያያሉ። እትዬ ዘይነባ አስፋልቱ ዳር ድንጋይ ላይ፣ ክራንቻቸውን ታቅፈው፣ ፀሐይ ላይ። የኛ ሚኒባስ ሾፌር ቀዝቀዝ አደረገ። የሚያውቃቸው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ።

እኔ መስኮት ጋ ነኝ። ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ። አሰርኩ። እንደገና ፈታሁ። ከኋላ አንዷ ቦታ የለም አለች። አለፍን።

ቀና ስል ኩርባውን ዞረናል። ወረቀቱን አስረክቤያለሁ፤ ሥራ የለኝም። የምመለሰውም በዚያው መንገድ ነው። እስካሁን እዚያ ይሆኑ? ይህን ፈርቼ ነው የተቀመጥኩት።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ት/ቤት ግምገማ ዋለ። ሂስና ግለ ሂስ። ተራዬ ደርሶ ተነሳሁ። ጉድለቴ ሰዓት አለማክበር ነው አልኩ፤ የትምህርት ዕቅድም አዘገያለሁ። ር/መምህሩ ግልጽነቴን አመሰገኑ። በቃለ ጉባኤ ተያዘ።

ተቀመጥኩ። 

እሑድ፣ ኅዳር 16፤ ጠዋት 4፡00

ከቤ/ክ ስንመለስ ጋሽ እንድሪስ በራችን ላይ ቆመዋል።  ትዕግሥት ግቡ ብትላቸውም አልገቡም። አንድ ፌስታል ብርቱካን ሰጡኝ።

«መምህር፣ አፉ በለኝ» አሉ። «መኪናህን አበላሸሁብህ።»

«ምን ሆነች ጋሼ?»

«ሐሙስ ዳገቱ ላይ አቃጠልኳት። በስንተኛ ማርሽ እንደምትወጣ ሳልጠይቅህ። ወላሂ አንተ በደንብ ነው የያዝካት። እኔ ሽማግሌው አልቻልኩባትም።»

እትዬ ዘይነባ ሆስፒታል ሳይደርሱ ቀርተዋል። ሦስት ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆይተው መኪናዋን በጎተተላቸው የጭነት መኪና ጋቢና ተመለሱ። እግራቸው አብጧል። ይህን ሁሉ የነገሩኝ እኔን ይቅርታ ሲጠይቁ ነው።

እኔስ ምን አልኩ? በሁለተኛ ማርሽ ነው የምትወጣው አልኳቸው። ደብተሬ፣ ይህን አልኩ። ጥፋቱን አንስቼ እሳቸው ላይ ጫንኩ። አላህ ኸይር ጀዛህን ይክፈልህ ብለውኝ ሄዱ።

ብርቱካኑን አልነካሁትም።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 18፤ 12፡00

ነገርኳቸው።

ከክፍል ወጥቼ በቀጥታ ሄድኩ። መኪናዋን አጥበው ሸራ አልብሰዋታል። እትዬ ዘይነባ መደቡ ላይ ተጋድመዋል፤ እግራቸው ትራስ ላይ ነው። እንደቆምኩ ተናገርኩ። ቴስታታው መሰንጠቁን። ጌታቸው ያለኝን። የደጋኑን መንገድ ለምን እንደመረጥኩ። ሚኒባሱንም፣ የጫማዬን ማሰሪያም።

 የዓስር አዛን ተሰማ። ጋሽ እንድሪስ ተነስተው መስጊድ ሄዱ፤ ሂድም ቆይም አላሉኝም። እትዬ ዘይነባ «ተቀመጥ እንጂ» አሉ።  ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ተቀመጥኩ።

ጋሽ እንድሪስ ሲመለሱ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«እኔ መኪና አላውቅም። ኮፈኗን ያላስከፈትኩት አንተን አይቼ ነው።»

«ገንዘብዎን እመልሳለሁ። መኪናዋንም እወስዳለሁ።»

«እሱንማ ትመልሳለህ። እዚህ ቤት መምህር ነው ስምህ። አሁን ምን ብዬ ልጥራህ?»

 ቁልፉን ይወረውሩልኛል ብዬ ነበር፤ በእጄ ሰጡኝ። ሞተሯን ላስነሳ አልደፈርኩም። ሁለት ባልደረቦቼን ጠርቼ እየገፋን ወደ ግቢዬ አስገባናት። ምን ሆነች ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ሁለተኛ ጊዜ መናገሩ ትንሽ ይቀላል ብዬ ነበር፤ አልቀለለም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 19፤ ምሳ ሰዓት

ብሩ ማኅበሩ ጋ ነው። ለማውጣት ከአባልነት መልቀቅ አለብኝ። የቤት መሥሪያ ቦታው ይቀራል።

ጠዋት ለትዕግሥት ሁሉንም ነገርኳት። አልጮኸችም። ለማን ብለህ ዋሸህ አለችኝ። ለኛ ብዬ አልኳት።

«እኔን አትጨምረኝ» አለች።

ምሳ አቀረበችልኝ፤ እሷ አልበላችም። አሁን ልብስ እያጠበች ነው፤ የታጠበውንም ደግማ ታጥባለች።  ዘጠኝ ዓመት ጠብቃ ነበር።

ማመልከቻውን ጽፌ ፈርሜያለሁ። ከሰዓት አስገባዋለሁ። መኪናዋን ጌታቸው ይፈታታትና ዕቃ ዕቃዋ ይሸጣል። መኪና ብዬ ለማንም አልሸጣትም።

ነገ ሐሙስ ነው። የኋላ ወንበሩ ሰፊ የሆነ መኪና በኮንትራት ይዣለሁ። 1፡00 ላይ በራቸው ላይ እቆማለሁ። አስቀድሜ መልእክት አልላክሁላቸውም፤ አንፈልግም ቢሉኝ ትክክል ናቸው። ከከፈቱልኝ እትዬ ዘይነባን ደግፌ አሳፍራለሁ። ካልከፈቱልኝ ሾፌሩ እንዲጠብቃቸው ነግሬ፣ እኔ ከፊታቸው ዘወር እላለሁ።