ረቡዕ የሚያንኳኩት ሴቶች

እሑድ፣ ጥር 3

ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ። ሽንኩርቴን ራሴ እከትፋለሁ። መጋዝ አሁንም ቀጥ አድርጌ እስባለሁ። ይህንንም ራሴ እጽፋለሁ፣ ፊደሉ ቢንጋደድም... የሚያነበው የለ።

ዛሬ ከቤተ ክርስቲያን ቀረሁ። ግራ እግሬ የኔ አልመስል ብሎኛል። ልጄ ስትደውል ጉንፋን ነው አልኳት።

ሰኞ፣ ጥር 4

መቅረቴን አይተዋል። የሚስዮን ሴቶቹ። እሑድ ማን እንደቀረ ደብተር ላይ ይጽፋሉ፣ ረቡዕ ሁለት ሁለት ሆነው ቤቱ ይሄዳሉ። ፓስተሩ እንኳ ማን እንደታመመ ከነሱ ነው የሚሰማው።

ሰብሳቢያቸው ደወለች። ልብስ ሰፊ ናት፣ የሟች ሚስቴ የልብ ጓደኛ። እኔ ሻለቃ ነው የምላት።

“ጋሼ፣ ረቡዕ ብቅ እንላለን።”

“ምን ጠፍቶባችሁ?”

“እርስዎ ነዎታ የጠፉት።”

“ደህና ነኝ። አትምጡ።”

ዘጋሁት። አናጢ ነኝ... አርባ ዓመት የሬሳ ሣጥን ሠርቻለሁ። ሰማያዊ ሻርፓቸው የገባበት ቤት፣ ከወር በኋላ እኔ ሜትሬን ይዤ እገባለሁ። ጫማ ሰፊው እንደዚያ። ባለ ወፍጮው እንደዚያ። ሚስቴም ከነሱ ጋር ስትዞር ኖራ መጨረሻ ላይ ወደ እሷ መጡ።

አሁን የኔ ስም ደብተሩ ውስጥ ገባ ማለት ነው?

ረቡዕ፣ ጥር 6

መጡ። ሬዲዮኑን አጥፍቼ፣ መቀርቀሪያውን ወርውሬ፣ ቁም ሣጥኑ ጥግ እንደ ሌባ ቆምኩ።

“አሉ እኮ፣ ጫማቸው ደጅ ነው” አለች አንዷ።

“ተያቸው፣ ይኩሩ” አለች ሻለቃ። “በሚቀጥለው እንመጣለን።”

ሾርባ በሳህን ደጃፉ ላይ ትተው ሄዱ። በሩን ከፍቼ አስገባሁት። ይሄ በር... ከሠላሳ ዓመት በፊት ስሰቅለው ተሳስቼ ወደ ውጭ የሚከፈት አደረግኩት። ማጠፊያው ከነፒኑ ውጭ ቀረ፣ ፒኑን የነቀለ ሁሉ በሩን ያነሣዋል። “ሌባ ይመርቅሃል” ብላ ሚስቴ ሳቀችብኝ። እልህ ይዞኝ አላስተካከልኩትም።

ሾርባውን በላሁት። እየበላሁም ፈራሁ።

እሑድ፣ ጥር 10

ዛሬም አልሄድኩም። ደረጃ መውጣት አቃተኝ።

የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ በነበርኩ ጊዜ፣ ሴቶቹ ከጀርባ ያለችውን ክፍል ስጡን ብለው ነበር። “ሻይ ለማፍላት ክፍል ምን ያደርጋል?” ያልኩት እኔ ነኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ሚስቴ አልሳቀችም። ክፍሏ እስከ ዛሬ የተሰበረ ወንበር ማጎሪያ ናት፣ እነሱ ቆርቆሮ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ።

ታዲያ እኔን ምን ብለው ሊጠይቁ ይመጣሉ?

ሰኞ፣ ጥር 25

ከወደቅኩ አሥራ ሁለት ቀን ሆነ። ቀኝ እጄ ስለተረፈ ልጻፍ።

ያን ረቡዕ ጠዋት መቀርቀሪያውን ወርውሬ ስመለስ እግሬ ከዳኝ። ወለሉ ላይ ተዘረርኩ። ስልኩ ጠረጴዛ ላይ። ምላሴ እንደ እንጨት። ጣሪያውን እያየሁ ራሴን ለካሁ... አንድ ሜትር ከሰባ፣ ትከሻ ሃምሳ።

ከዚያ ተንኳኳ። ዝም አልኩ። ከገቡ እሞታለሁ ብዬ። ካልገቡስ?

“የሉም መሰለኝ” አለች አንዷ። ኮቴያቸው ራቀ... ያኔ የባሰ ፍርሃት መጣብኝ። በደህናው እግሬ ቁም ሣጥኑን ደበደብኩ። ደበደብኩ።

“ጋሼ፣ ይክፈቱ።” ሻለቃ ናት። እንዴት ልክፈት? በሩ የኔ ሥራ ነው፣ ሦስት ጎረምሳ አይሰብረውም። ጥቂት ቆይቶ ኪች ኪች የሚል ድምፅ። በሩ በማጠፊያው በኩል ተነሣ። ሻለቃ መቀሷን እንደያዘች ቆማለች። ፒኖቹን ነቅላቸዋለች። የማጠፊያውን ነገር ሚስቴ ነግራት ኖሯል ለካ።

ሐኪሙ የጭንቅላት ደም ሥር ተዘግቶ ነው አለ። እስከ ማታ ቢቆይ ኖሮ... ብሎ ተወው።

ትናንት ሻለቃን ጠየቅኳት። “እናንተ የገባችሁበት ቤት ሁሉ ሰው ይሞታል። ለምንድን ነው?”

ሆዷን ይዛ ሳቀች። “ጋሼ፣ የዳነ ሰው ሣጥን ሊያዝዝ እርስዎ ጋ ይመጣል እንዴ?”

ደብተሩን ሰጠችኝ። ሦስት መቶ ስም አለ። የሞቱት ጥቂት። የቀሩት እሑድ እሑድ ሰላም የምላቸው ናቸው... አንዱም ሲታመም አላወቅኩም።

ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዛሬ በሩን ከጠዋት ጀምሮ ከፍቼ ጠበቅኳቸው። ሲያንኳኩ ግን አሁንም እደነግጣለሁ።

ዕዳዬን ልጻፍ፣ ልጄ እኔ ልክፈልልህ እንዳትል።

የሾርባውን ሳህን መመለስ። ዱላ ይዤም ቢሆን በእግሬ።

የሻለቃን መቀስ መሳል፣ ፒን ሲነቅል ስለቱ ተሸርፏል።

ቀለም ቀቢው ታሞ፣ ሴቶቹን በመስኮት አይቶ ተደበቀ አሉ። ሄጄ እኔ ልንገረው። የኔን ይሰማል።

ለኋላዋ ክፍል መደርደሪያና ሁለት አግዳሚ ወንበር መሥራት። ከዚያ በፊት ግን እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ ያን ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ ክፍሏ ለሴቶቹ ትሰጥ ማለት አለብኝ። ምላሴ ገና ይንተባተባል... ይሳቁ።

በሩ እንዳለ ይቆይ።

ሚስቴ ጋ ደግሞ ያቺ የሻይ ቃል አለችብኝ። እሷን እዚያው ስንገናኝ እከፍላለሁ። አልቸኩልም።