ለእጄ የሚሆን ስድስት ጎራሽ

ታዴዬ፣ የቤቴ ራስ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ደህና ነኝ። እንዲያውም ዛሬ ደስታዬ አላስቀምጥ ቢለኝ ነው ብዕር ያነሳሁት።

አሁንም እዚያው ሆፕኪንስ ከተማ ነን። ሶፋህን አውጥቼ ለሰው ሰጠሁት፤ አትቆጣ፣ ወገቤን ፈጅቶት ነበር። ልጃችን ቤቲ ትምህርቷን ጨርሳ ሥራ ይዛለች፤ በአማርኛ ስቆጣት በእንግሊዝኛ መመለሷን ግን አልተወችም። እኔም የአዛውንቶቹ መጦሪያ ውስጥ እንደሠራሁ ነኝ።

ወደ ዋናው ወሬ ልግባ። አንተ ስታርፍ የተኩስ ክለባችሁ ሰዎች በቡድኑ ውስጥ የነበረህን ቦታ ለእኔ ሰጡኝ። ከጎንህ ቆሜ ስተኩስ ያዩኝ ነበርና ነው፤ እውነቱን ለመናገር ግን ሊያጽናኑኝ ብለው ነው። በየውድድሩ ውጤታቸውን ወደ ታች ስጎትተው አንድም ቀን ክፉ አልተናገሩኝም። እንደ ሐዘንተኛ እያዩኝ ታገሱኝ፣ እኔም አፈርኩ። በዚህ ዓመት ማጣሪያ ከማንም እኩል ተሰልፌ ቦታውን በተኩስ አገኘዋለሁ፣ ካልሆነልኝም እለቃለሁ ብዬ ወሰንኩ።

ጣጣው ያንተ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ ነበር። ያንተ ነው ብዬ ሌላ መንካት እንደ ክህደት ቆጠርኩት። አፈሙዙ ረጅም ነው፣ ይከብዳል፤ ቃታው ጋ ለመድረስ እጄን እጀታው ላይ ማዞር ነበረብኝ። ሁለተኛው ዙር ላይ ክንዴ ይንቀጠቀጣል፣ ጥይቱም ከዒላማው በታች አፈር ይበላል። ቤቲ አንድ ቀን መጥታ ካየችኝ በኋላ፣ "ማሚ፣ ኢትስ ቱ ቢግ ፎር ዩ" አለችኝ፤ ይተልቅብሻል ማለቷ ነው። ተናደድኩባት። በማግስቱ ግን የራሴን ሽጉጥ መግዣ ፈቃድ ጠየቅሁ።

የመጀመሪያው ሱቅ ሻጩ ደግ ሰው ነው። ስድስት ሰባት ዓይነት አውጥቶ አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳኝ። እኔ ደግሞ ይሉኝታ ያዘኝ። ይህን ሁሉ አድክሜው ባዶ እጄን እንዴት እወጣለሁ ብዬ፣ ለእጄ የማይሆነውን አንዱን አብረቅራቂ ልገዛ ፎርም መሙላት ጀመርኩ። ያኔ አንተ ትዝ አልከኝ። ያንን መከራህን የገዛኸውም እንዲሁ ነበር እኮ! የወደድከው ሌላውን ነበር፤ ሻጩ ግን በዝናብ መኪናው ድረስ ሄዶ ያመጣልህን መመለስ አፍረህ ገዛኸው፣ ስድስት ዓመትም ታገልከው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ። ያንተን ይሉኝታ ነው ለካ እንደ ታቦት ተሸክሜ የኖርኩት።

ብዕሩን አስቀመጥኩና "ሶሪ፣ ይኼ ለእኔ አይሆንም" አልኩት። ላብ በላብ ሆኜ ነው የተናገርኩት። ሰውዬው ምንም አልመሰለውም፤ "ቴክ ዩር ታይም"፣ አትቸኩዪ ብሎኝ ወደ ሥራው ተመለሰ።

የኔን ያገኘሁት ሦስተኛው ሱቅ፣ አፕል ቫሊ ከተማ ነው። ሽጉጡ ባዶ መሆኑን ከሻጩ ጋር አረጋግጠን፣ ዓይኔን ጨፍኜ ወዳሳየኝ ግድግዳ አነሳሁት፤ ስገልጥ ማነጣጠሪያው ልኩ ላይ ቆሟል። አራት ኢንች አፈሙዝ፣ ቀጭን የጎማ እጀታ፣ ቃታው ሳያንገራግር እስከ መጨረሻው ይሳባል። መልክ የለውም፣ ግን የኔ ነው። ሁለት ወር ሙሉ ከሥራ መልስ ጥይት ሳላጎርሰው ቃታውን ስስብ ከረምኩ።

ቅዳሜ ማጣሪያው ነበር። የመጨረሻዎቹ ስድስት ጥይቶቼ አንድ ሳይቀሩ ጥቁሩ ክብ ውስጥ ገቡ። ዳኛው ወረቀቱን ሁለቴ ቆጠረው። ሁለተኛ ወጣሁ፣ ታዴ! አንተ በሕይወትህ ከመታኸው ሁሉ የተሻለ ነው፤ በለጥኩህ፣ ምን ታደርገኛለህ? ቤቲ እልል ስትል ፈረንጆቹ ሁሉ ዞረው አዩዋት።

የቡድኑ አለቃ እንደ ወትሮው ትከሻዬን እየዳበሰ አላባበለኝም። "ሐሙስ ፕራክቲስ አለ፣ ደግሞ እንዳትዘገዪ" ብሎ ተቆጣኝ። ዓመት ከአራት ወር ሙሉ እንዲህ የሚቆጣኝ ሰው ሲናፍቀኝ ኖሯል፤ መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ።

አልረሳህም። በየውድድሩ ጆሮዬን ከመሸፈኔ በፊት ስምህን እጠራለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን የማስበው ዒላማውን ብቻ ነው። አንተም ብትኖር እንዲያ አድርጊ ነበር የምትለኝ።

ያንተዋ አልማዝ