ጃንጥላ የገባለት ሥራ

ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ
ጳጉሜን 2

ውድ ሐሊናዬ፣

የጁባ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እዚህ ብርዱ ገና አልለቀቀንም። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው፤ እንዲያውም ከእኔ ይልቅ እሳቸው ደህና ናቸው። ይህን የምጽፍልሽ ነገሩን ከሳቸው አፍ ከመስማትሽ በፊት ከእኔ እንድትሰሚው ብዬ ነው። እሳቸው ሲያወሩት አንጀት የምበላ ምስኪን ያደርጉኛል።

ስትሄጂ የተስማማነውን አልረሳሽም መቼም። ለእንቁጣጣሽ ስትመለሺ ልብ ወለዱ ካላለቀ፣ ያለ ምንም ክርክር ወዳጅሽ ሚልኬሳ መሥሪያ ቤታቸው ያስቀመጠልኝ ወንበር ላይ ሄጄ ልቀመጥና ሪፖርት እየጻፍኩ ልኖር። እጅ ለእጅ ተማትተን ተለያየን። አውሮፕላንሽ ሳይነሳ ነው መፍራት የጀመርኩት።

የመጀመሪያው ሳምንት ፕሮግራም በማውጣት አለፈ። ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን ስታዪ ትስቂያለሽ፤ ጠዋቱ በአረንጓዴ፣ ከሰዓቱ በቢጫ፣ እረፍቱ በሰማያዊ። ከማማሩ የተነሳ ሳምራዊት ከላይኛው ፎቅ ወርዳ ፎቶ አንስታ ለልጇ ወሰደችው። ስልኬ ላይም የሚያበረታታ አፕ ጫንኩ፤ ጠዋት ጠዋት "ዛሬ ያንተ ቀን ነው!" ይለኛል። ቀኑ ግን የእኔ አልነበረም፤ የሰፈሩ ነበር።

ለምን ብትዪ፣ ሐበሻ ቤቱ የዋለ ሰው ሥራ ይሠራል ብሎ አያምንማ! ሳምራዊት "አንተ ቤት ስለሆንክ ልጄን ከትምህርት ቤት ተቀበልልኝ" ትላለች። እትዬ ሠርክ ፉንዲው ቧንቧቸውን ጠግኖ እስኪጨርስ ሳሎናቸው ያስቀምጡኛል፤ "እዚያም መቀመጥ፣ እዚህም መቀመጥ፣ ያው አይደለም እንዴ?" ብለው። የሁሉም አለቃ ግን እናትሽ ናቸው፤ ምን ላድርግ፣ እውነቱ ይኸው ነው። ምግብ ቤታቸው የገባ ደንበኛ ሁሉ ጉዳይ ካለው እኔን ያድሉታል። "ሱራፌል አለ አይደል! እሱ ምን ሥራ አለው፣ ቤት ነው ያለው!"

ያን ሰሞን የልብ ወለዴ ሰው ቶማስ የድሮ ወዳጁን በር ሊያንኳኳ እጁን አንስቶ ነበር። አልዋሽሽም፣ እጁን እንዳነሳ ግንቦት አልቆ ሰኔ ገባ። አንድ ቀን በቃ ዛሬ ያንኳኳታል ብዬ ቁጭ ከማለቴ እናትሽ ደወሉ። ከአዲስ አበባ በሰው የተላከ ዕቃ አየር ማረፊያ ደርሷል፣ ሮጥ ብለህ አምጣልኝ። ሄጄ ባየው በጨርቅ የተጠቀለለ ረጅም ነገር ነው። የድንኳን ቋሚ መሰለኝ። ማታቱ ሚኒባስ ውስጥ ይዤው ስገባ የአንዲት ሴትዮ ሻሽ ነቀልኩ፤ "ፖሌ ማማ፣ ፖሌ" እያልኩ ይቅርታ ስለምን ኪሊማኒ ደረስኩ። እናትሽ ዕቃውን ተቀብለው ሳሙት። የድንኳን ቋሚ የሚስም ሰው አይቼ ስለማላውቅ ገረመኝ፤ ግን አልጠየቅኩም።

ዘዴው የመጣልኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቤት የዋለ ሥራ ፈት ከተባለ፣ ከቤት መውጣት ነዋ! የሠርጋችንን ሱፍ አውጥቼ፣ ክራቫቴን አስሬ፣ ላፕቶፔን አንግቤ በጠዋት ኢስትሊ ገበያ። መጋረጃ ሻጩ ወዳጄ አብዱልፈታ ከሱቁ በስተኋላ አንድ ጠረጴዛ ሰጠኝ። ታዲያ ደንበኞቹ ሱፍ የለበሰ ሰው ሲያዩ ባለሱቁ እኔ መሰልኳቸው። ዋጋ ይጠይቁኛል፣ ቀለም ያስመርጡኛል። ቶማስ እጁን እንዳነሳ እኔ የመጋረጃ ዓይነት ለይቼ ጨረስኩ። አብዱልፈታ ትንሽ ታዝቦኝ "ወንድሜ፣ መጽሐፉን ተወውና አብረን እንሥራ፤ አንተ እኮ አንደበት አለህ" አለኝ። ስድብ ይሁን ምርቃት እስካሁን አልገባኝም።

ለካ እናትሽ በየጠዋቱ ከምግብ ቤታቸው በር ላይ ሆነው ሱፌን ያዩ ኖሯል። አንድ ቀን "ሱራፌል! ወዴት ነው እንዲህ ሽክ ብለህ?" አሉኝ። ማታቱው ሊያመልጠኝ ነው፤ እየሮጥኩ "ወደ ሥራ ነው እማማ!" አልኳቸው። እስቲ ይሄ ምን ውሸት አለው? እልልታቸው ግን ማታቱው ውስጥ ድረስ ተከተለኝ።

የሐምሌ ገብርኤል ዕለት ቤተ ክርስቲያን ቆሜያለሁ። ቄሱ ስለታቸው የሰመረላቸውን ሰዎች ሲጠሩ "እናታችን ወይዘሮ አያልነሽ አማቻቸው ሥራ ስላገኘላቸው፣ ለቅዱስ ገብርኤል የተሳሉትን ጃንጥላ አስገብተዋል" አሉ። እልልታው! ጭብጨባው! ጃንጥላው ተዘረጋ፤ ቀይ ከፋይ ነው፣ ዙሪያውን የወርቅ ዘርፍ። የእጀታውን ርዝመት አወቅሁት። እኔው ነኝ ሻሽ እየነቀልኩ ከአየር ማረፊያ ተሸክሜ ያመጣሁት! ሴትየዋ እኮ ሥራው ሳይኖር ጃንጥላውን አስመጥተዋል፣ ሐሊናዬ። እኔ በራሴ ያላመንኩትን ያህል እሳቸው በገብርኤል አምነው። ሰው ሁሉ እየመጣ "እንኳን ደስ ያለህ፣ የት ገባህ?" ይለኛል። እኔም "ወደ ኢስትሊ አካባቢ" እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ እህል አልወርድ አለኝ። ሰውን ማሞኘት አንድ ነገር ነው፤ መልአኩን ግን ክፍያውን አስቀድሞ አስቀብዬ ሥራውን ነሳሁት። ፍልሰታ ሲገባ አልቻልኩም፣ ሄጄ ነገርኳቸው። ባንኮኒው ጋ ተቀምጠው ጎመን ይቀነጥሱ ነበር።

"እማማ፣ እኔ የትም አልተቀጠርኩም።"

"ታዲያ ክራቫቱ?"

"ሰው ሥራ እንዳለኝ እንዲያምን ብዬ ነው። የምሠራው ያንኑ መጽሐፍ ነው።"

ጎመኑን አስቀመጡ። እኔም ለእርግማኑ አንገቴን ደፋሁ።

"ስማ" አሉ፣ "የገባ ስለት አይመለስም። ገብርኤል ደጃፍ ሄጄ ይቅርታህን፣ ሥራው ክራቫት ብቻ ኖሯል ልበለው?"

"ኧረ እማማ…"

"እንግዲያው ሥራው ይኑራ! ሠራተኛ በስንት ሰዓት ነው የሚገባው?"

"በሁለት ሰዓት።"

"ነገ ሁለት ሰዓት እዚህ።"

የምግብ ቤቱ ዕቃ ቤት የገባሁት እንዲህ ነው። በአንድ ጎኔ የሽንኩርት ጆንያ፣ በሌላው የበርበሬ። ስልኬን በር ላይ ይቀበሉኛል። ባረፍድ "መንገዱ ጃም ነበር" ብዬ አላመልጥም፤ ቤታችን ከምግብ ቤቱ ማዶ ነው። የኪቦርዱ ድምፅ ከተቋረጠ በሩ በማማሰያ ይመታል። የአረንጓዴና የቢጫው ፕሮግራም ያላመጣውን ማማሰያው አመጣው። እያስነጠስኩም ቢሆን ቶማስ በመጀመሪያው ቀን በሩን አንኳኳ! በማግስቱ ገባ። ከዚያማ ማን ያቁመው።

አሁን የምነግርሽን ግን ሳትስቂ ስሚኝ። ባለፈው ሳምንት ስልኬ ባንኮኒው ላይ ሲጮህ በግድግዳው ሰማሁ። እናትሽ አነሱት። እትዬ ሠርክ ናቸው፤ ከእናትሽ አመላለስ እንደገባኝ እህታቸው ከአዲስ አበባ ሊገቡ ነው፣ መቼም ሱራፌል አለ። እኔም በልማዴ ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ።

"አይሆንም ሠርክዬ" አሉ እናትሽ፣ "ሥራ ላይ ነው።"

ከወዲያ ያሉት አይሰማኝም፤ ምን ሥራ ብለው ይሆናል።

"ይጽፋል" አሉ እናትሽ።

ይህቺን ቃል ከቤተሰባችን አፍ ሰምቻት አላውቅም። አንቺም ብትሆኚ፣ አትቆጪኝና፣ ሰው ሲጠይቅሽ "እየሞከረ ነው" ነበር የምትዪው። የጫማዬን ክር እንደያዝኩ አለቀስኩ። ሽንኩርቱ ነው እንዳልል ጆንያው የታሰረ ነው።

ትናንት ጨረስኩ። አዎ፣ መጽሐፉን! እየሮጥኩ ወጥቼ "እማማ፣ አለቀ!" ስላቸው እልል ብለው አቀፉኝ፤ ቤት ውስጥ ለነበረው ሁሉ ሻይ ጋበዙ። ቦርሳዬን ሳነሳ ሲያዩኝ ግን ፊታቸው ተለወጠ።

"ወዴት ነው?"

"ጨረስኩ እኮ፣ እማማ።"

"እንዴ! ያን የመሰለ ጃንጥላ ለአንድ መጽሐፍ ነው እንዴ የገባው? ነገ ሁለት ሰዓት!"

ስለዚህ ዛሬም ዕቃ ቤት ነኝ። ሁለተኛውን መጽሐፍ ገና አላሰብኩትም፤ የኪቦርዱ ድምፅ እንዳይቋረጥ ነው ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ። በሥራ ሰዓት ደብዳቤ መጻፌን አደራ እንዳትነግሪያቸው። ሚልኬሳንም ወንበሩን ለሌላ ሰው ስጠው በዪልኝ። እኔ ሥራ አለኝ።

ስትመጪ ከአየር ማረፊያ የሚቀበልሽ ሰው ነገር አሳስቦኝ ነበር። እናትሽ መጀመሪያ "ሥራ ላይ አይደለህ እንዴ? ታክሲ ትያዝ" ብለው ድርቅ አሉ። ስለ ገብርኤል ብዬ ለመንኳቸውና የግማሽ ቀን ፈቃድ ሰጡኝ። ክራቫቴን አስሬ እጠብቅሻለሁ።

የእናትሽ ሠራተኛ፣
ያንቺው ሱራፌል