የግራ እጅ ትርታ

ጥቅምት 6 ቀን 1989

ረቡዕ። ሠላሳ አንድ ሰው አየሁ። ቦሌ በሙሉ ጉንፋን ይዞታል። ምሳም አልበላሁ።

ከሰዓት አንዲት ልጅ መጣች። ሱሀይላ ትባላለች፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ። ገርጂ፣ አባቷ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች። ጣቃ ስታነሳ ግራ እጇ ይዝላል፣ ራሷን ያዞራታል፣ ከስታለች። የደም ግፊቷን የለካችው ሲስተር ሉሊት ገባችና «ዶክተር፣ ግራ እጇ ላይ ምንም አይሰማኝም» አለች።

ወረፋው በር ድረስ... «ጆሮሽን ታጠቢ!» አልኳት። በሽተኞች ፊት። ካርዱ ላይ የጻፈችውን ሰርዤ 120/80 አልኩ። ሳልለካ። ጭንቀት ነው ብዬ ቫይታሚን አዘዝኩላት።

ሉሊት ላይ አበዛሁት ይሆን? ነገ ትረሳዋለች።

ጥቅምት 7

ሉሊት ለሰላምታዬ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ታኩርፍ።

ጥቅምት 27

ሱሀይላ ሱቅ ውስጥ ወደቀች። እናቷ ወይዘሮ ፈሂማ በታክሲ ይዘዋት መጡ። ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏታል፣ ምላሷ ተሳስሯል።

የግራ እጇን አንጓ ያዝኩ። ትርታ ፈለግኩ... ምንም። ቀኙ ይመታል፣ ግራው የለም። ማዳመጫውን አንገቷ ሥር ባደርገው ደሙ በጠባብ ቦይ እንደሚገፋ ውሃ ሿ... ይላል።

ሉሊት ከኋላዬ ቆማ ነበር። ምነው በተናገረች!

ሱሀይላን ሆስፒታል ላክኋት። ካርዷም አብሮ ሄደ። ያ ቁጥር እንዳለበት...

ጥቅምት 28

ዶክተር ኣፅብሃ ከሆስፒታሉ ደወሉ። አስተማሪዬ ነበሩ።

«ከሦስት ሳምንት በፊት ግራ እጇ ደህና ነበር ብለሃል። እንግዲያ የረጋ ደም ድንገት ሄዶ ዘግቶታል ማለት ነው። ነገ ጠዋት ከፍተን እናወጣዋለን። ራስህ ነህ የለካኸው?»

«አዎ።»

አዎ አልኩ! ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ እንኳ መልሼ መደወል እችል ነበር። አልደወልኩም። ምን ፈራሁ? ስሜን? የቱን ስም?

ጥቅምት 29

ልጸልይ ተንበረከክሁ። ምን ብዬ? እሱ እንደሆነ ያውቃል። የማያውቁት ኣፅብሃ ናቸው።

አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ሆስፒታል ደረስኩ። ተማሪዎች ከበዋቸዋል። ሌላ ቦታ እንነጋገር ለማለት ጊዜም አልነበረ።

«አልለካሁም። ሲስተሯ አይሰማም ብላ ጽፋ ነበር። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ትናንትስ?»

«ዋሸሁ።»

ከዚያ ወደ ተማሪዎቹ ዞረው፣ «የቆየ ነው። ከሳች፣ ትኩሳት አላት፣ ብግነት የሚያሳየው የደም ምርመራ፣ ኢ.ኤስ.አሯ፣ መቶ አሥር ደርሷል። ደም ስሩ ራሱ ነው የታመመው። ግድግዳው በብግነት አብጦ ጠቧል። እንዲህ የተቆጣ ደም ስር ላይ ቢላ አሳርፈን ቢሆን...» አልጨረሱትም።

ኦፕራሲዮኑ ቀረ። ብግነቱን የሚያበርድ ፕሬድኒሶሎን ተጀመረላት። እኔ ጫማዬን አያለሁ።

ኅዳር 5

ሉሊትን ሠራተኛው ሁሉ ባለበት ይቅርታ ጠየቅኋት። «እሺ ዶክተር። በሽተኛ እየጠበቀ ነው» አለችኝ።

አሁን ሁለቱንም እጅ ራሴ እለካለሁ። ወረፋው ይርዘም።

ኅዳር 24

ገርጂ ሄድኩ፣ ቤታቸው። ትኩሳቱ ለቋታል። ፊቷ በመድኃኒቱ ሞልቷል፣ ኢ.ኤስ.አሯ ወደ ሠላሳ ወርዷል። ቀኝ እጇ ብርጭቆ ይይዛል። የግራው ትርታ ግን አልተመለሰም... ላይመለስም ይችላል።

ለወይዘሮ ፈሂማ ስለ ቁጥሩ መናገር ጀመርኩ። አቋረጡኝ። «ለኔ አይንገሩኝ። ለሷ ይንገሯት።»

ወደ ሱሀይላ ዞሬ ሁሉንም ነገርኳት። እስክጨርስ ዓይኗን ከኔ ላይ አልነቀለችም።

«ጭንቀት ነው... ስላሉኝ» አለች፣ ቃል እየፈለገች፣ «ሲያዞረኝም... ለእማዬ... አልነገርኳትም። አፈርኩ።»

አፈርኩ አለች። እሷ!

«ከእንግዲህ ክትትሏ ዶክተር ኣፅብሃ ጋ ነው» አሉ እናትየው። «እርስዎ ጋ አንመጣም።»

«ልክ ነዎት» ብዬ ተነሳሁ።

በሩ ድረስ የሸኘኝ የለም።